የአህያ ባል የት ነበር?

ተረት ተረት!

የላም በረት!

ሌላ ሰፈር ቢሆን ይህ መግቢያ ብቻ ነው። ላምበረት ላይ ግን አድራሻም ይሆናልና በቀጥታ እንግባ።

ከመናኸሪያው በላይ፣ ወደ የካ ተራራ በሚያወጣው አቀበት፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ዝቅ ብሎ አንድ በረት ነበር። ባሕር ዛፉ በ1880ዎቹ፣ በአጼ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ ከመጣው ዘር የወረደ ነው፤ እየተቆረጠ እየበቀለ ለስንት ትውልድ ማገዶና ማገር ሆኗል። በበረቱ ውስጥ በሬ፣ ላም፣ ውሻ፣ አውራ ዶሮ፣ ጥቂት በጎች፣ እንዲሁም አህዮና ሚስቱ አህዪት ይኖራሉ። ጋሼ በሬ የእድሩ ዳኛ ነው፤ ሣጥኑም መዝገቡም እሱ ዘንድ ነው። አውራ ዶሮ ጡሩንባ ነፊ ነው። እትዬ ላም ሹመት የላትም፤ ቡና የሚፈላው ግን እሷ ዘንድ ነው። ከብት ቡና ይጠጣል ወይ የሚል ካለ ተረቱን ለልጆቹ ትቶ ጋዜጣውን ያንብብ።

የዚህ በረት እድር የተመሠረተው በጅብ ምክንያት ነው። አያ ጅቦ ከዋሻ ሚካኤል ወዲያ ካለው ጫካ ሌሊት ሌሊት ይወርዳል። እንስሳቱም ሌሊቱን ተከፋፈሉት፤ ሌላው ሲተኛ አንዱ በር ላይ ይቆማል። ጠረኑ ሲመጣ ዶሮ ይነፋል። ያን ጊዜ ሁሉም ብድግ ይልና ጥጃውን፣ ግልገሉንና ውርንጭላውን መሐል አስገብቶ ክብ ይሠራል፤ ቀንድ ያለው ቀንዱን፣ ኮቴ ያለው ኮቴውን ወደ ውጭ አዙሮ። አያ ጅቦ አህያ አይፈራም። በሬንም ብቻውን ካገኘው አይፈራም። የሚፈራው ክቡን ነበር።

ተራውን የቀረ አንድ ጣሳ ፉርሽካ ይቀጣል። ይህ ደንብ በወጣ ጊዜ አንድ ጣሳ ፉርሽካ ማለት ሙሉ ራት ነው፤ ጦሙን ከሚያድር ቆሞ ማደርን የማይመርጥ አልነበረም። ቅጣቱ የተጻፈው እንዳይከፈል ነው ማለት ይቻላል።

ጠዋት ደግሞ ቡና አለ። ብዙዎች ወሬ ነው ይሉታል፤ ወሬም ነው። ግን አቦሉ ሲቀዳ «አህዪት ዛሬ ምነው ቀረች?» ይባላል። ቶናው እስኪደርስ አንዱ ሄዶ አይቷት ይመለሳል። በረካው ላይ «እግሯ አብጧል፤ በእሷ በኩል ያለው አጥርም ተነቃንቋል» ተብሎ ውሻ ልጥ እንዲያመጣ፣ በሬ እንጨት እንዲጎትት ይወሰናል። ቃለ ጉባኤ የሚይዝ የለም፤ ደቦ ብሎ የጠራውም የለም። «ቡና ጠጥተን መጣን» ነው የሚሉት።

አህዮና አህዪት ያኔ ሥራቸው እንጦጦ ነበር፤ ጭራሮና ቅጠል ጭነው ወደ ሾላ ገበያ ይወርዳሉ። በመንገድ ላይ የሚያገኟቸው ሴቶች አሉ፤ ከራሳቸው ቁመት የሚረዝም የባሕር ዛፍ እስር በጀርባቸው ተሸክመው፣ ገመዱ ትከሻቸውን እየቆረጠው፣ ፊታቸው ወደ መሬት ተደፍቶ ቁልቁለቱን የሚወርዱ። አህዮ ሲያያቸው መንገድ ይለቅላቸዋል።

«እኛስ ሲመሽ ይራገፍልናል» አላት አንድ ቀን ለሚስቱ፤ «እነዚህ ግን ሌላው ጭነት የሚጠብቃቸው ቤት ሲደርሱ ነው።»

አህዪት መልስ አልሰጠችውም። እሷንም ቤት ስትደርስ የሚጠብቃት ውርንጭላ ነበር።

ከዚያ መናኸሪያው መጣ። ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ ደሴ የሚሄዱ አውቶቡሶች ከላምበረት መነሣት ሲጀምሩ ሻንጣ፣ ማዳበሪያ፣ ፍራሽ፣ በቅርጫት የታሰረ ዶሮ የሚያወጣና የሚያወርድ ጉልበት ተፈለገ። የጭነቱ አለቃ በቅሎ ነበረች፤ ያችው «አባትሽ ማነው?» ሲሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» የምትለዋ። ከአህዮ ጋር ያላትን ዝምድና ማንም አያነሣባትም። ክፍያዋ ግን ጥሩ ነው፤ በቀን ሦስት ጣሳ ፉርሽካ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ፋጉሎ።

«ብቻ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት እዚህ ትገኛለህ» አለችው። «አውቶቡስ ዶሮ እስኪጮህ አይጠብቅም።»

«አሥር ሰዓት የበረቱ ተራዬ ነው እመቤቴ።»

«ብትቀርስ ምን ትሆናለህ?»

«አንድ ጣሳ እቀጣለሁ።»

«እኔ ሦስት እሰጥሃለሁ» አለች በቅሎ።

በዚህ ሒሳብ አህዮን ለመውቀስ አንጀቴ አይችልም። ብዙም ሳይቆይ የውርንጭላው ጎን ሞላ፤ አህዪት ከእንጦጦ አቀበት አረፈች፤ የሚያፈሰው የጣራቸው ቆርቆሮ ተቀየረ። ሥራ የወሰደውን ብቻ ቆጥሮ ያመጣውን የሚደብቅ ተረት እንኳን ተረት፣ ውሸት ለመባልም አይበቃም። እርግጥ ሰዓቱ ረጅም ነበር። የሰው ሕግ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይለፍ ይላል፤ አህያ ግን ሕጉ ውስጥ የለችም። መናኸሪያ ደጃፍ ተራ ይዞ የሚሸከመው ሰውም ቢሆን ሕጉን የሚጠቅስበት ሰዓት ያለው አይመስለኝም።

አህዮ ሲወጣ ውርንጭላው ተኝቷል፤ ሲመለስም ተኝቷል። ልጁ አባቱን በጠረኑ ብቻ ያውቀው ጀመር፤ የናፍጣ ጠረን ሲሸተው «አባባ መጣ» ይላል። አህያ ጭነት አራግፎ ሲገባ በቤቱ ውስጥ የሚያወራው አይኖረውም፤ «በላችሁ?» ይልና ግድግዳ ተደግፎ ያንቀላፋል። አህዪት በመጀመሪያ ተቆጣች። ቀጥሎ አዘነች። በኋላ ላይ የራቱን ድርሻ ከድና እያስቀመጠች መተኛት ጀመረች።

ጋሼ በሬ በበኩሉ አልተከፋም። ፉርሽካው በየሳምንቱ ወደ ሣጥኑ ይገባል፤ ሣጥኑ ከዚያ በፊት ተሞልቶ አያውቅም። «አህዮ ጨዋ ነው፤ ቅጣቱን አንድ ቀን አዛንፎ አያውቅም» እያለ ለሌሎቹ ምሳሌ አደረገው። ሌሎቹም ምሳሌውን ተከተሉ። ውሻ ለኮንዶሚኒየም ጥበቃ ተቀጠረ፤ የሌላውን በር ሲጠብቅ ያድርና የራሱን ተራ በጣሳ ይሸኛል። እትዬ ላም ለመናኸሪያው ሻይ ቤቶች ወተት ማስረከብ ያዘች፤ ጀበና የምትጥድበት ሰዓት ወተት የምታደርስበት ሰዓት ሆነ። ቡናው መጀመሪያ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ቀጥሎ እሑድ እሑድ፣ በመጨረሻ በወር አንዴ፣ ለሚካኤል ብቻ ሆነ። ቡና ይቅር ያለ ማንም የለም። ሁሉም «ነገ እንጠጣለን» ነው ያለው።

ዶሮ ግን ተራውን ቀርቶ አያውቅም። እሱን ያሳሳተው የመናኸሪያው መብራት ነው። ሌሊቱ እንደ ቀን ሲያበራበት ንጋቱ ተምታታበት፤ በሰባት ሰዓት ይነፋል፣ በዘጠኝ ሰዓት ይነፋል። ደክሞት የተኛው ሁሉ ደንግጦ ይነሣና ጅብ ሲያጣ ዶሮን ረግሞ ይተኛል። ጥቂት ቆይቶ ዶሮ ሲነፋ ጆሮውን የሚያቆም ጠፋ።

ጋሼ በሬ በሞላው ሣጥን ድንኳን ገዛ፤ ሁለት በር ያለው፣ ዝናብ የማያስገባ። የብረት አግዳሚ ወንበር አሠራ። ትልልቅ ድስት ጨመረ። ከቀበና ማዶ ካሉ በረቶች ሳይቀር እየመጡ አዩለት። እድሩ እንደዚያ ዘመን ሀብታም ሆኖ አያውቅም፤ ማታ በሩ ላይ የሚቆም ግን አልነበረውም።

አያ ጅቦ ይህን ሁሉ ከላይ ሆኖ ያያል። ይህ ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ የሚለው ዓይነት አይደለም፤ አገሩን ያውቃል፣ አገሩም ያውቀዋል። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ሲከፈት ግርግሩ አልስማማው ብሎ ወደ የካ በኩል ጠጋ ብሏል። ማንም ሳያባርረው ገና በጠዋት አቀበት የሚሮጥ ሰው በብዛት ያየው ያን ጊዜ ነው፤ «ምን አይተው ነው የሚሸሹት?» እያለ ለብዙ ቀን ዙሪያውን ሲያማትር ከረመ።

ወደ በረቱ ሲያይ የሚቆጥረው ግን ከብቱን አልነበረም፤ ጭሱን ነበር። የእትዬ ላም የቡና ጭስ በየጠዋቱ ሲወጣ ጦሙን ተኝቶ ይውላል። ጭሱ በሳምንት ሦስት ጊዜ ሲሆን ጆሮውን አቆመ። በወር አንድ ጊዜ ሲሆን ወረደ።

በመጀመሪያው ሌሊት አጥሩን በጥፍሩ ቧጠጠው። ዶሮ ነፋ፤ «ይሄ ደግሞ ጀመረው» ብለው ተገላበጡ። በሁለተኛው ሌሊት በሩን በትከሻው ገፋ አደረገው፤ «ማነው?» ያለ የለም። በሦስተኛው ሌሊት አጥሩን እየዞረ የላላ ቦታ ፈለገ፤ በአህዪት በኩል አገኘ።

አህዪት ይህን ለባሏ ነግራዋለች።

«አህዮ፣ በእኔ በኩል ያለው አጥር ተነቃንቋል።»

«እሑድ እሠራዋለሁ።»

እሑድ ለበዓል የሚሄደው ተሳፋሪ በዝቶ በቅሎ እጥፍ ከፈለች።

«እግሬም አልቆምልህ ብሎኛል።»

«ለውሻ ንገሪው፣ ልጥ ያምጣልሽ።»

«ውሻን የት አግኝቼው? እሱም እንዳንተው ሌሊት ነው የሚወጣው።»

«ለእትዬ ላም ንገሪያታ።»

«ቡና ስንጠጣ እነግራታለሁ» አለች አህዪት። ሚካኤል ገና ዘጠኝ ቀን ይቀረው ነበር።

አህዮ በዘጠኝ ተኩል ወጣ። አያ ጅቦ በአሥር ገባ።

አህዪት ጮኸች። ጋሼ በሬ ሰማ፤ «የማን ተራ ነው?» ብሎ መዝገቡን ገለጠ። ተራው የውሻ ነው፤ ውሻ ደግሞ ከፍሏል። መዝገቡ ላይ ጉድለት አልተገኘም። እትዬ ላም ሰማች፤ ሌሎቹ ሳይወጡ አይቀሩም ብላ ጥጃዋን ጥግ አስይዛ ፊቱ ቆመች። በጎቹም ሰሙ፤ እትዬ ላም ሳትወጣ አትቀርም አሉ። ውሻ ከኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ሆኖ ድምፁን ለየው፤ አንገቱ ግን በሰንሰለት ነው። አህዮ በሁለት አውቶቡሶች ሞተር መሐል ቆሞ ደሴ የሚሄድ ፍራሽ ይጫንበት ነበር፤ እሱ ምንም አልሰማም። አህዪት ባልታመመው እግሯ አንዴ አፉ ላይ ረገጠችው፤ ውርንጭላው በዚያች ቅጽበት አመለጠ። እሷ አላመለጠችም።

ቀብሩ አማረ። ድንኳኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ተተከለ፤ ሁለቱም በሮቹ ተከፈቱ። አግዳሚው ወንበር ግን ግማሹ ባዶ ነበር፤ ያልመጡት የቀብር ቅጣታቸውን አስቀድመው ልከዋል። የሰው ሰፈር ቢሆን በቴሌብር ይሉት ነበር። በቅሎ ለአህዮ ሦስት ቀን ሰጠችው። የሰውም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156/2011፣ የትዳር ጓደኛው ለሞተችበት ሠራተኛ ከነደመወዙ ሦስት የሥራ ቀን ነው የሚፈቅደው፤ ሚስቱ ለወለደችለትም እንዲሁ ሦስት ቀን። ስለዚህ በቅሎን ለብቻዋ ጨካኝ ልላት አልችልም። በሠልስቱ ማግሥት አህዮ ውርንጭላውን አስከትሎ መናኸሪያ ገባ። የሚተውበት ቤት አልነበረውም።

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» መባል የተጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። በጎቹ ናቸው የጀመሩት የሚል አለ። አባባሉ ለሁሉም ተመቸ። መዝገቡ ንጹሕ ለሆነው ለጋሼ በሬ ተመቸ፤ ጥጃዋን ላተረፈችው ለእትዬ ላም ተመቸ፤ ሰንሰለቱን ለሚያሳየው ለውሻም ተመቸ። የመላው በረት ዕዳ አንድ ባል ጫንቃ ላይ ተጫነ፤ እሱም ጭነት ለምዷልና ዝም ብሎ ተሸከመው። ይህን ምሳሌ ዛሬም የሚጠቅሱ ሰዎች ስሰማ ይገርመኛል። ለመሆኑ ድሮስ አህያን ከጅብ ያስጥል የነበረው ባሏ ነበር እንዴ?

በቅሎ ያልጠበቀችው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። አህዮ ውርንጭላው በአውቶቡስ ጎማ መሐል ሲሯሯጥ እያየ ቀጥ ብሎ መቆም አልሆነለትም፤ ዞር ባለ ቁጥር ጭነት ይንሸራተታል፤ የአንዷ ተሳፋሪ የማር ገንቦ ወድቆ ተሰበረ። እትዬ ላም ስትሠጋ ታድራለች፤ ስትሠጋ ያደረች ላም ደግሞ ወተቷን ትይዛለች፤ ሻይ ቤቶቹ ባዶ ጣሳ ይዘው ተመለሱ። ውሻ ሌሊቱን ሙሉ ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ ሲጮህ ከጀርባው የመኪና ስፖኪዮ ተሰረቀ። በጎቹ ፀሐይ ሳይወጣ ንቅንቅ አንልም አሉ። በአሥራ ሁለት ሰዓት ይወጣ የነበረው አውቶቡስ አንድ ሰዓት፣ አንድ ተኩል ማለት ጀመረ።

በቅሎ ቃጭሏን እያንቃጨለች አቀበቱን ወጣች። ስብሰባ ላይ አገኘቻቸው፤ ጋሼ በሬ ይናገር ነበር።

«ቅጣቱ ወደ ሦስት ጣሳ ከፍ ይበል። ከዚያ ወዲያ ማንም አይቀርም።»

በጎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እትዬ ላም ተነሣች።

«ጋሼ፣ ሦስት ቢሆን ውሻ ሦስት ይከፍላል። አምስት ቢያደርጉትም ይከፍላል። አህዪት የሞተች ሌሊት እኮ ሁላችንም ከፍለናል፤ ያልከፈለ አልነበረም።»

«ታዲያ ምን ይደረግ ትያለሽ?»

«ጣሳ አንቀበል። ዛሬ ያልቆመ ነገ ሁለት ተራ ይቁም። መቆም ያልቻለ ቀን አጥር ይጠር።»

«በሣጥን ያለው ፉርሽካስ?»

ከፈቱት። ከላይ ደህና ይመስላል፤ ከሥር ሻግቶ ተጋግሯል። ጋሼ በሬ አንድ እፍኝ አንሥቶ አሸተተውና መልሶ አስቀመጠው፤ ያን ቀን ሁለተኛ አልተናገረም።

«ሁላችሁም ሌሊት ሌሊት ከቆማችሁ የእኔን ጭነት ማን ሊያነሣ ነው?» አለች በቅሎ።

እስከዚያ ድረስ ዝም ያለው አህዮ ነበር። «እመቤቴ» አላት፣ «ተራዬ በሆነ ቀን አሥር ሰዓት ላይ የምገኘው እዚህ ነው። አሥራ አንድ ተኩል እመጣልሻለሁ።»

«ልጨምርልህ።»

«ያችን ሰዓት አንድ ጊዜ ሸጬልሻለሁ። ሁለተኛ አልሸጣትም።»

«አውቶቡሱስ?»

«አሁንስ በሰዓቱ ነው የሚወጣው?»

በቅሎ አሰበች። ተረኛው በተራው ቀን አሥራ አንድ ተኩል እንዲገባ ተስማማች፤ ግማሽ ጣሳ ግን እቀንሳለሁ አለች። አህዮ ስለ ግማሿ ጣሳ ተከራከረ፤ አላሸነፈም። አቀበቱን ልትወርድ ስትነሣ «አባትሽን ሰላም በይልኝ» አላት። ቃጭሏን አንቃጭላ እንዳልሰማች ሆነች።

ሁሉም ነገር አልተቃናም። የውሻ አሠሪዎች ሌሊት ሰንሰለቱን አንፈታም አሉ፤ ስለዚህ ውሻ ቀን ቀን እያንቀላፋም ቢሆን አጥር ያጥራል። መብራቱም እንዳለ ነው፤ ዶሮ ብቻውን መንፋቱ ቀርቶ ተረኛው «ንፋ» ሲለው ነው የሚነፋው፤ ይህ ክብሩን ነክቶት ለአንድ ሳምንት አኩርፏል። የእትዬ ላም ጠዋት አሁንም የወተት ነው፤ ቡናው ወደ ማታ ዞረ። ይህ አያ ጅቦን ክፉኛ አወከው፤ ጭሱ በጨለማ አይታየውም፣ ለማሽተት ደግሞ መቅረብ አለበት፤ ሲቀርብ የአህዮን ኮቴ ይሰማል።

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሲጀመር ከፒያሳ የተነሣች አንዲት ፍየል በረቱ ደጃፍ ደረሰች። የነበረችበት እድር አባላቱ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ሄደው ድስትና ወንበሩ ብቻ አንድ መጋዘን ቀርቷል። ጣሳዋን ይዛ ነበር የመጣችው።

«መመዝገቢያው ስንት ነው እትዬ?»

«ጣሳሽን ያዢ» አለቻት እትዬ ላም ጀበናውን እያወረደች። «ሌሊት እንቅልፍ የማያሸንፍሽ ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

ፍየሏ አሰበች። «ወደ ንጋቱ እነቃለሁ። አሥር ሰዓት ግድም።»

«አሥር ሰዓት የአህዮ ነው። ሁለተኛ ስንፈልግለት ነበር፤ በዚያ በአጥሩ በኩል፣ ከውርንጭላው ማደሪያ ፊት ትቆሙታላችሁ። አሁን ቁጭ በይ፣ አቦሉ ሊቀዳ ነው።»